ለሼሁ ያጣመምኩት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አምቦ ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ አንድ ቀጭን ወጣት ወረቀት ታቅፎ ገባ። «ጋሼ፣ ተካፉል ይባላል፤ ወለድ የሌለበት፣ እርስ በርስ የምንረዳዳበት ኢንሹራንስ ነው። ዑለሞችን ጠይቄ ኮሚሽኑም ይፈቀዳል ብለውኛል» አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ልጁ ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱ ቅጭም አለ። ወላሂ፣ የሳቅኩት በራሴ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ እኔም እንደሱ ወረቀት ታቅፌ ከአምቦ ጌዶ እመላለስ ነበር። የኢንሹራንስ ወኪል ነበርኩ፤ በሸጥኩት ልክ ኮሚሽን ይከፈለኛል። ያኔ ተካፉል የሚባል ነገር በእኛ አገር ወሬውም የለም። ሥራው ደግሞ ይጣፍጣል! ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲያንሸራትት፣ አንድ ኢሱዙ ጉደር መውረጃ ላይ ተገልብጦ ካደረ፣ በማግስቱ ሾፌሮቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙኛል። በሰው መከራ ደስ ይለኝ እንደነበር ሳስበው አሁን አፍራለሁ።

ችግሩ ዘሃራ ነበረች። ኧረ ዘሃራስ ምን አደረገች፣ አባቷ ናቸው እንጂ። ሐጂ ከማል በአንድ ኢሱዙ ጤፍ የሚነግዱ፣ ሲመክሩ አማርኛ፣ ሲቆጡ ኦሮምኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን እንደምፈልግ ሲሰሙ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ ሐራም አትበላም። የጉደሩን ሼህ ጠይቅ። የምታገኘው ሐላል ነው ካሉህ ሽማግሌ ላክ።»

ጉደር የሄድኩት በነሐሴ ዝናብ ነው። ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ጥያቄዬን ስስል ነበር። ሼህ አብዶን ደጃቸው ላይ የተጠበሰ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸውና ግማሹን ሰብረው ሰጡኝ። እንዲህ አልኳቸው፤ «ሼህ፣ መኪና ተገልብጦ ሰው ሲጎዳ የሚደርስ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ለድካሜ የሚከፍሉኝን ብቀበል ይፈቀዳል?»

አንዲት ውሸት የለችበትም፤ ኩራቴም እሱ ነበር። ሼሁ በቆሏቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «ማሻ አላህ! ለሰው ነፍስ እየደረስክ? ብላ ልጄ፣ በደንብ ብላ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም «አሚን» ብዬ በቆሎዬን በላሁ።

ሐጂ ፈቃዱን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ሽማግሌ ተቀበሉ። ያላሰብኩት ነገር፣ ሼህ አብዶንም ራሳቸውን ጠርተዋቸዋል! እንደ ደንቡ እቤቴ ቁጭ ብዬ ምሥራች ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ፤ «አሁኑኑ ና!»

ስገባ ለሽማግሌዎቹ የቀረበው ጩኮ ከነቅቤው ሳይነካ ተቀምጧል። ሼሁ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ አምቡላንስ ላይ የምትሠራ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ሳይቆጡም አስረዱኝ፤ «ኢንሹራንስ የሚገዛ ሰው የሚከፍለውን እንጂ የሚያገኘውን አያውቅም። ገንዘቡም ወለድ ውስጥ ይገባል። ያንን አሻሽጦ ኮሚሽን መብላት አይፈቀድም። ያቀለሉት ዑለሞች አሉ፤ እኔ ግን አላቀልም።»

እኔ ደግሞ ዝም አልልም! «የሐጂ ኢሱዙ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከር የሸጥኩላቸው እኔ አይደለሁ?»

ሐጂ ብድግ አሉ። «ማል ጄታ? ምን አልክ? እኔን ሕጉ አስገድዶኛል፤ ያለሱ ትራፊክ አያሳልፈኝም። አንተን ማን አስገደደህ?»

«ልጅዎ ናት!»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ሐጂ አልሳቁም። ዘሃራ ከእጄ ስታመልጥ ታየኝና የመጨረሻዋን ማምለጫ መዘዝኩ። «ሐራም መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ሼህ አብዶ አዘን ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የማያውቅ ሰው ጥያቄ አያጣምምም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። በማግስቱ ሥራውን ተውኩ። ሐጂ እንቢም እሺም ሳይሉ «የላብህን ስትበላ ልይህ» ብለው አንድ ዓመት ሙሉ የጤፍ ጆንያ አሸከሙኝ። ጋቢና ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ስቲከር ፊት ለፊቴ ነው። በመጨረሻ ዘሃራን ሰጡኝ፤ ስሜን ግን ነጠቁኝ። ይኸው እስከ ዛሬ «አምቡላንሱ» ነው የሚሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ተፈቅዶልኛል» ሲለኝ መልሱን ትቼ ጥያቄውን እጠይቃለሁ። ይህንንም ወጣት «ምን ብለህ ነው የጠየቅካቸው? ቃል በቃል ንገረኝ» አልኩት።

«የምበላው ከኢንሹራንስ ሽያጭ ኮሚሽን ነው አልኳቸው። ቢሮው ወለድ ያለበትንም እንደሚሸጥ አልደበቅኩም። እሱን አትንካ፣ ተካፉሉን ብቻ ሽጥ አሉኝ። ግማሽ ገቢዬ ቀረ፤ ምን ይደረግ!»

ቀናሁበት፤ እውነቴን ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ይህ ድፍረት አልነበረኝም። የተካፉሉን ውል ከመፈረሜ በፊት ግን ሐጂ ጋ ደወልኩ።

«አቤት፣ አምቡላንሱ!»

ነገሩን ከነጥያቄው ነገርኳቸው። የዘሃራ ታናሽ፣ ትንሿ ልጃቸው፣ ገና አላገባችም።

«ፈርምለት» አሉኝ። «ደግሞ እስቲ ጠይቀው፤ አግብቷል?»