በጋሽ ሸምሱ ገጽ ላይ የወጣው ማስታወቂያ

ሥራ የጀመርኩት ላፍቶ፣ ከአንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ወንበር አሳዩኝና ሥራዬን በአጭሩ ነገሩኝ። «ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ማስታወቂያ ማስነገር የሚፈልጉ ነጋዴዎችም አሉ። እኛ መሀል ነን። አንቺ የገጽ ባለቤቶችን ታመጪልኛለሽ።»

ያን ቀን ስልክ ስደውል ዋልኩ። ስለ ምግብ አሠራር የሚጽፍ አንድ ሰው «ሎተሪ ደርሶሃል ልትዪኝ ነው?» ብሎ ዘጋብኝ። ሌሎቹም ከሱ የተሻለ አላሉኝም። ወደ ማምሻው አቶ ደረጀ ባዶ እጄን መሆኔን ሲሰሙ፣ «ነገ በእግርሽ ሂጂ። ሰው ፊትሽን ካላየ አያምንሽም» አሉኝ።

በእግሬ ሄጄ ያገኘኋቸው የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ላፍቶ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ወጣቶች «ጋሼ፣ የት ሥራ ወጥቷል?» እያሉ ሲያስቸግሯቸው፣ ክፍት የሥራ ቦታዎችን ከየጋዜጣውና ከየሰሌዳው እየሰበሰቡ የሚያወጡበት ድረ ገጽ ከፈቱ። ገጹ ለዓይን አይማርክም። የሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነበር።

«አንድ አጭር ኮድ ገጽዎ ውስጥ እናስገባለን። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ከእኛ ዘንድ በራሱ እየመጣ ይታያል» አልኳቸው።

«የሚመጣውን ማን ያየዋል?»

«እኛ እናየዋለን ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡና ፈረሙልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ እንደ እኛ ነጋዴንና ድረ ገጽን የሚያገናኝ ሌላ ድርጅት ተከፈተ። የገጽ ባለቤቶችን የምታግባባላቸው ቤዛ የምትባል ሴት ነበረች። እኔ ጠዋት የወጣሁበት ቤት እሷ ከሰዓት ትገባለች። እኔ በወር እንከፍላለን ስል እሷ በየሳምንቱ ትላለች። የኳስ ወሬ የሚጽፉ ሁለት ወንድማማቾችን ወሰደችብኝ፤ እኔ ደግሞ የመኪና መሸጫ ገጽ ነጠቅኳት።

አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ጋሽ ሸምሱ ጋ ነሽ?» አለችኝ። «አንቺስ?» ስላት ሁለታችንም ሳቅን። አብረን ወርደን አብረን ገባን። ጋሽ ሸምሱ ሻይ አዘዙልንና፣ «ለጊዜው ከአስቴር ጋር ነኝ፤ ቤዛ፣ አንቺም አትቀየሚኝ» አሉ። ስንወጣ ቤዛ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ። «አለቃሽ ሲያባርሩሽ እኛ ጋ እንድትቀጠሪ» አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ቤዛ ደወለችልኝ። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«ጋሽ ሸምሱ ገጽ ላይ፣ ሴቶችን ለሥራ ውጭ አገር እንልካለን የሚለውን ማስታወቂያ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም። ምን ሆነ?»

«እኛ ጋም መጥተው ነበር። ፈቃድ አምጡ ስንላቸው ጠፉ። የሰጡትን አድራሻ ሄጄ አየሁት፤ ባዶ መሬት ነው። ፓስፖርት እየሰበሰቡ ነው አስቴር።»

«ለጋሽ ሸምሱ ነግረሽ ገጹን መውሰድ ትችዪ ነበር እኮ።»

«እችል ነበር። ግን ማስታወቂያው ሌሎቹም ገጾቻችሁ ላይ አለ። በአንድ ጊዜ ከሁሉም ላይ ማንሳት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።»

ቤዛ ያለችኝን ልነግራቸው አቶ ደረጀ ክፍል ስገባ የሽያጭ ኃላፊያችን እዚያው ነበር። ያንን ማስታወቂያ አስነጋሪ ያመጣው እሱ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከዚያ አስነጋሪ የሚበልጥ ደንበኛ አልነበረንም። «በተፎካካሪ ወሬ ደንበኛ አይባረርም። መጀመሪያ እናጣራ» አለ።

«መጀመሪያ እናቁመው፤ ከዚያ እናጣራ» አልኩ። «ወሬው ውሸት ከሆነ መልሰን እንለቀዋለን። እውነት ከሆነ ግን አንዴ የሄደች ልጅ በምን ትመለሳለች?»

አቶ ደረጀ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ «አጥፊው» አሉኝ።

እዚያው ቆመው እያዩ አጠፋሁት። የሽያጭ ኃላፊው ለሰዎቹ ደውሎ ፈቃዳቸውን ሲጠይቅ «አሁን እንልካለን» አሉት። ደግሞ ሲደውል ስልኩ ተዘግቷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከአቶ ደረጀ ጋር ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድን። ሁሉንም ነገርናቸው። አልተቆጡም። «ማስታወቂያውን ነክቶ የከፈተ ሰው አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «አለ ጋሼ፤ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም» አልኳቸው። ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ገጹ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉ፦ ሴቶችን ለሥራ ውጭ አገር እንልካለን የሚለውን ማስታወቂያ እዚህ ያያችሁ እህቶች፣ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ፤ መጀመሪያ እኔ ጋ ደውሉ።

ስልካቸው መጮኽ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች። ራሔል ትባላለች፤ የነፋስ ስልክ ልጅ ናት። ፓስፖርቷን ለሰዎቹ ልትሰጥ እየሄደች ሳለ ነው እህቷ ጽሑፉን አይታ የደወለችላት። «ከታክሲ ወረድኩ» አለችና ፓስፖርቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጋሽ ሸምሱ ሳይነኩት «በይ ልጄ፣ ወደ ቦርሳሽ መልሺው» አሏት። እኔ ወደ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ሸምሱ የእኛን ኮድ አውጥተው ገጹን ለቤዛ ሰጡ። «አልተቀየምኩሽም» አሉኝ። «ግን አጣርታ ያገኘችው እሷ ናት።» እውነታቸውን ስለሆነ አልተከራከርኩም።

አቶ ደረጀ ግን አላባረሩኝም። የአስነጋሪዎች ማጣሪያ የሚባል ክፍል አቋቁመው ኃላፊ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አስነጋሪ ሲመጣ ፈቃዱን አያለሁ፤ ቢሮውንም በአካል ሄጄ አያለሁ። የሽያጭ ኃላፊው ራሱ «አስቴር ሳታየው አይለቀቅም» ማለት ለመደ። ይህን የሰሙት የኳስ ወሬ የሚጽፉት ወንድማማቾች ወደ እኛ ተመለሱ። ቆይቶ ጋሽ ሸምሱም ከገጻቸው ግርጌ ቦታ ሰጡን፤ አናቱ ዛሬም የቤዛ ነው። ራሔል አሁን ቃሊቲ መንገድ ላይ ካለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ናት። ሥራውን ያገኘችው ከዚያው ገጽ ነው።

እኔና ቤዛ እስከ ዛሬ ደንበኛ እንነጣጠቃለን። አጠራጣሪ አስነጋሪ ሲመጣ ግን ማናችንም ቀድመን ብናየው እንደዋወላለን። ከዚህ ሥራ ካገኘሁት ሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ያንን የጠዋት ጥሪ ነው።

በዚህ ሙያ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ አስነጋሪውን ሳታዩ ማስታወቂያውን አትልቀቁ። ተፎካካሪያችሁ ሲደውል ደግሞ ስልኩን አንሱ።