አሚን ያልተባለበት ዱአ

ሐሙስ በትምህርት ቤታችን የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ ነው! ዛሬ መምህሬ ሲነግሩኝ የሰፈራችንን የሆጤን ዳገት በሩጫ ወጣሁት። እናቴ እልል ብላ አቀፈችኝ። አንገቷ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሳሙና ብቻ። በደስታዬ መሀል እንኳን ሳላስበው አሸተትኳት፤ ይሄ አመል ከያዘኝ ቆየ።

የያዘኝ ወንድሜ በተወለደ ጊዜ ነው። ዱበርቲዎቹ፣ ማለቴ ለወላድ ዱአ የሚያደርጉት የሰፈራችን ትልልቅ ሴቶች፣ ጫት ይዘው መጥተው መርቀዋት ሄዱ። ጫቱ ግን ቀረ። አባቴ በሹፍርና ርቆ ስለሚከርም እናቴ ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ጓዳ ትገባለች። መጋረጃው ይወርዳል፤ የኮባ ቅጠልና የጠወለገ ጫት ሽታ በሥሩ ይወጣል። ወንድሜ ያለቅሳል። ብቅ ያለ ጎረቤት ሁሉ "ዱአ ላይ ናት፣ አትረብሿት" ብሎ በእግሩ ጣት ይመለሳል። ዱአ ይቋረጣል እንዴ?

እኔ ግን ጠረጠርኩ። ዱበርቲዎቹ ዱአ ሲያደርጉ ከንፈራቸው አያርፍም ነበር። የእናቴ ከንፈር ከማኘክ ሌላ አያውቅም። አንድ ቀን መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ "አሚን!" አልኩ። "አሚይይን!" ዘወርም አላለች። ወንድሜ አጠገቧ ፊቱ እስኪቀላ ያለቅሳል፤ እሷ ግድግዳ ታያለች። አትወደውም ማለት ነው? እኔንስ ስትስመኝ የኖረችው ለይምሰል ነበር?

ከዚያ ወዲያ ስትስቅ የጫቱ ምርቃና ነው እላለሁ፤ ስትቆጣ የጫቱ ሀራራ።

የኮምቦልቻዋ አክስቴ ስትመጣ ወንድሜን ከስቶ አገኘችው። "ወላሂ ይዤው ነው የምሄደው! አንቺ ዱአሽን አድርጊ!" አለቻት። የወንድሜን መታቀፊያ ጨብጬ አልለቅም አልኩ።

"አክስቴ፣ ዱአ አይደለም።"

እናቴ አየችኝ። አልካደችም።

በማግስቱ ሁላችንም ኮምቦልቻ፣ ጤና ጣቢያ ወረድን። ነርሷ ወንድሜን መዝና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። "እህቴ፣ ፍቅርሽ የትም አልሄደም። ልጅ ሲያለቅስ 'ተነሺ' የሚልሽ ጭንቅላትሽ ነው። ጫቱ እሱን በሌላ ደስታ ይዞብሻል፤ ሲለቅሽ ደግሞ ሆድ ያስብስሻል።"

እናቴ አቀርቅራ፣ "ለቅሶው ይሰማኛል እኮ" አለች። "ግን የጎረቤት ልጅ ይመስለኛል።"

አክስቴ ያኔ ነው መታቀፊያውን የለቀቀችው። ከእኛ ጋር ደሴ ከረመች፤ እናቴም ተወች፣ ተመለሰችበት፣ እንደገና ተወች። ወንድሜ እኔ ጀርባ ላይ አደገ።

ዛሬ ደስታዬን እያየ ግቢው ውስጥ ሲዘል ወደቀ። "እትዬ!" ብሎ ጮኸ፤ እኔን ነው። እናቴ ቀድማኝ ደርሳ እጇን ዘርግታለች። አልፏት መጥቶ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እሷ ፈገግ አለች፤ እጇን ግን ቶሎ አላጠፈችም።

ጽሑፉ ስለዚያ ጊዜ መሆኑን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤላት ስጨርስ ትከለክለኛለች ብዬ ጠረጠርኩ። "አንብቢው። ሰውም ጥሪ፤ አራስ ያለችም ልጇን ይዛ ትምጣ" አለች።

ጥሪዋን ይኸው አድርሻለሁ፤ ሐሙስ ኑ። እሷ ከፊት ትቀመጣለች።

"ህፃናቱ ቢያለቅሱስ?" ብያት ነበር።

"ያልቅሱ" አለች። "እሰማቸዋለሁ።"