አባቴ ወንዝ ይጠብቅ በነበረ ጊዜ

ሐምሌ ሲገባ የቀበና ወንዝ ድምፅ በግንቡና በፎቁ መካከል እየሾለከ እስከ መኝታ ቤቴ ይደርሳል። ውሃው ከዚህ አይታይም፤ የሚመጣው ድምፁ ብቻ ነው። እንደሰማሁት ሽቅብ ወደ እንጦጦ ዞር እላለሁ፤ ይህን ያስለመደኝ አባቴ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ወዲያ ነበር። በአቅራቢያው ድልድይ ስላልነበረ ውሃው ውስጥ የተደረደሩትን ድንጋዮች እየረገጥን እንሻገር ነበር። በሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ እኛ ሰፈር ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣ ስለነበር፣ አባቴ በምንመለስበት ሰዓት ወርዶ፣ ከዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኔን የወለደኝ በስተርጅናው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህ ሥራው ሆኖ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጆቹን በእሱ አምኖ ይልክ ነበር። ዓይኑን ከላይ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን ወደ ተራራው አቅንቶ «ተሻገሩ» ወይም «ቁሙ» ይለናል። እዚያ ሲቆም ሰላም የሚለው አልነበረም፤ ሰላምታ ከተጀመረ ሳይጨርስ እንደማይተው ስለሚያውቁ፣ እናቶች እንኳ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ያልፉ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከላምበረት በኩል የመጣ የድሮ ባልንጀራው፣ ይህን ደንብ የማያውቅ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበው። አባቴ «ተሻገሪ» ብሎኝ እኔ ከወንዙ መሃል ደርሼ ነበር።

«አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ? እኔማ ሞተሃል ብዬ ተዝካርህን ልበላ መጣሁ!»

«ይመስገን፣ ይመስገን! አንተስ? ቤተሰቡስ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ከላይ የጭነት መኪና የመሰለ ጉርምርምታ ሰማሁ፤ ቀና ስል መታጠፊያው ደፍርሶ አብጧል። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ሰማኝ። ፈጥኖ ዞሮ ይፈልገኝ ጀመር፤ ከማዶ ገና ያልተሻገሩትን ልጆች አየ፣ መንገዱን አየ፣ የባልንጀራውን ፊት አየ። ፊት ለፊቱ ቆሜ እየጠራሁት ዓይኑ በላዬ ላይ አለፈ። ቁሚ ወይም ተሻገሪ እስኪለኝ ትንሽ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ራሴ ዘልዬ ዳር ስደርስ፣ ውሃው የለቀቅሁትን ድንጋይ ሸፍኖ አንድ ጫማዬን ይዞ ሄደ።

ቤት ስንገባ እናቴ «ምነው አባቷ፣ አልሰሟትም ነበር?» አለችው።

«ሰምቻታለሁ።»

«አላዩዋትም ታዲያ?»

«አይቻታለሁ። ሁለቱ አንድ አልሆኑልኝም» አላት።

በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ጎረቤታችን ቆመ። ማንም ሳይናገረው ሄዶ የለመነው አባቴ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ አልወረደም።

መስከረም ጠብቶ ዘመድ ቤታችንን ሲሞላው፣ አባቴ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየ፣ ሰው ሲስቅ ዘግይቶ እየሳቀ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዱም ኮራብን ይል ነበር። ብዙ ሰው ሲያወራ የሚሰማውና የሚያየው አንድ እንደማይሆኑለት የገባት እናቴ ናት። በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮኑን ዘግታ፣ ከፊቱ አስቀምጣኝ «ከንፈርሽን ይየው፣ አትቸኩይ» ትለኝ ነበር፤ እኔም የዋልኩበትን ሁሉ እነግረው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል አታመልጠውም፤ መምህራችንን አስመስዬ ስናገር ከልቡ ይስቅ ነበር።

አሁን እኔም የእሱ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ያየችኝ ሐኪም «ዓይንዎም ጆሮዎም ለዕድሜዎ ደህና ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያናግርዎት፣ እርስዎም ፊቱን እያዩ ያዳምጡ» አለችኝ። ይህን ለልጆቼ አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ነበር፤ ደግሜ አልነገርኳቸውም። በበዓል ከነልጆቻቸው ሲመጡ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ግን ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስለኛል፣ የማን እንደሆነ ስፈልግ ወሬው ያልፋል። «እማማ፣ ላንቺ እኮ ነው የምናወራው!» አለችኝ አንዴ የልጅ ልጄ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፤ ምን እንዳሉኝ ግን ሳትደግምልኝ ስቃ ወደ ጨዋታው ተመለሰች። አባቴ ከፊቱ የሚቀመጥለት ሰው በየቀኑ ነበረው።

ሲመሻሽ ለመሄድ ይነሳሉ። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ በሩ ላይ ተራ በተራ ቀርበው ይስሙኛል፣ ፊቴን እያዩ ያናግሩኛል፤ ያን ጊዜ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ እሰማቸዋለሁ። «ደህና ሁኚ፣ እማዬ» ነው የሚሉት።