አማቴ ለእኔ ብለው የዋጡት

አማቴን መጀመሪያ ያቃታቸው መዋጥ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጎረሱትን የማሽላ ቂጣ እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ በግራ ጉንጫቸው ይዘውት ዋሉ። ያወቅሁት ውዱእ ላስደርጋቸው ውሃ ሳቀብላቸው ነው፤ ሲጉመጠመጡ ቂጣው እንዳለ ወጣ። «እምዬ፣ ምነው ሳይውጡት?» ብላቸው «ረሳሁት መሰል» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ለጎረቤት ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች። እርጅና ነው አልንና አለፍነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያሉ አሮጊት ወይም ሽማግሌ በቤቱ ለያዘ ሰው ነው። ጉንጭ ውስጥ የቀረ ጉርሻ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ያን ቀን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። የሚነግረኝ ሲመጣ ደግሞ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

እኔ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ፓፓያና ማንጎ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ እቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። እናቱ እምዬ ዘሐራ ግራና ከሚባል ገጠር የመጡ ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም ወደ እኛ ካመጣናቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ዘጠናን ካለፉ ግን ቆይተዋል። ሕመም የሚባል ነገር ብዙም አያውቁም ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት እንኳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ ፓፓያ የሚያገላብጥ መንገደኛ ካዩ «ወይ ግዛው ወይ ተወው! ሙሽራ ነው እንዴ የምትደባብሰው?» ብለው ይጮሁበታል። ሰውየው አፍሮ ይገዛል። እውነቱን ለመናገር የእኔ ገበያ ግማሹ በእሳቸው አፍ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ሲደክም ቀስ እያለ የሚደክም ይመስለኝ ነበር። ረቡዕ ቆመው ሰገዱ። ሐሙስ ተቀምጠው ሰገዱ። ዓርብ ተኝተው፣ በዓይናቸው ሰገዱ። ቅዳሜ አዛን ሲባል አላወቁም።

በባጃጅ ጭኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የተቀበለችን ዶክተር ልጅ እግር ናት፤ ልጄ ብትሆን ታንስ እንደሆነ እንጂ አትበልጥም። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ደምና ሽንት አስመረመረች። የሽንት ኢንፌክሽንና ዲሃይድሬሽን ነው አለች። ግሉኮስ ተሰቀለላቸው፣ አንቲባዮቲክ በመርፌ ተሰጣቸው። ሁለት ቀን ተኙ። ልንወጣ ስንል ዶክተሯ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ኢንፌክሽኑን አክመነዋል፤ ለጊዜው ይሻላቸዋል። እርጅናውን ግን የምናክምበት መድኃኒት የለንም። የሚውጡበት ጡንቻ እየደከመ ነው። ሲፈልጉ ቀና አድርገሽ በጥቂቱ ስጫቸው። እምቢ ካሉ ተያቸው። ከተገደዱ ምግቡ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው፤ አስፒሬሽን ኒሞኒያ እንለዋለን። በዚህ ዕድሜ ከዚያ የሚመለስ ጥቂት ነው።»

«ካልበሉ በረሃብ አይሞቱም ወይ?» አልኳት።

«ሰውነታቸው እየተሰናበተ ነው፤ እንደ እኔና እንደ አንቺ አይርባቸውም። አሁን የነገርኩሽን እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት፣ አንድም ሳላስቀር። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ቀናት በዚህ ሕመም ውስጥ የቀሩልኝ ደግ ቀናት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጓሮ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፀጉራቸውን ቅባት ቀብቼ እያበጠርኩ የግራናን ገበያ ያወሩልኛል፤ ማን ከማን ጋር በበሬ ሽያጭ እንደተካካደ፣ እሳቸው በልጅነታቸው ለስንት ሰው ታጭተው ስንቱን እንዳባረሩ። ፓፓያ ፈጭቼ በማንኪያ ጫፍ ስሰጣቸው ጥቂት ቀመስ ያደርጉና ይበቃኛል ይላሉ፤ ሰይድ ሲደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው «መኪናህን ቀስ አርገህ ንዳ» ብለው መርቀውት ነበር። ዳኑ ብዬ አመንኩ። በአራተኛው ቀን ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አደረጉና «ልጄ፣ ርዝቄን ጨርሻለሁ፤ አትድከሚ» አሉኝ። እንደ እኛ እምነት ሰው አላህ የጻፈለትን ርዝቅ፣ ሲሳዩን፣ ሳይጨርስ አይሞትም። እሳቸው የራሳቸው ሲያልቅ አውቀውታል። እኔ ግን «ምን ማለትዎ ነው፣ ገና ብዙ ይበላሉ» ብዬ ተቆጣሁ።

በማግስቱ አልተነሡም። አፋቸውን ገጠሙ። አምስት ቀን ዶክተሯ እንዳለችኝ አደረግሁ። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አረጥባለሁ፣ ጎናቸውን አገላብጣለሁ፣ አንሶላቸውን እቀይራለሁ። ጣርም ጩኸትም አልነበራቸውም። አሁን ሳስበው እየሞቱ ነበር፤ በደንብ እየሞቱ ነበር።

ችግሩ ጠያቂ ነው። በእኛ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ የዶሮ ሾርባ፣ አንዷ የተልባ ውሃ ይዛ ትመጣለች። ያመጣች ሴት ደግሞ ሲበላላት ማየት ትፈልጋለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ እኔም በሰው ቤት እንደዚያው ነበርኩ። «ዛሬ ምን ቀመሱ?» ይሉኛል። «ምንም» ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። ሐኪም የነገረኝን አስረዳለሁ። ሲወጡ ግን ደጃፍ ላይ ድምፃቸው ይሰማኛል። «ምን ይደረግ፣ ምራት ናት» ይላሉ። ያቺ ቃል እንደ ሚጥሚጣ ታቃጥለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት፣ ያበሰልኩት፣ የደገፍኩት ሁሉ በዚያች አንድ ቃል ተበላ።

ሐሙስ ከሰዓት የሰይድ እህት ፋጡማ ከወልድያ መጣች። ለዒድ ለዒድ ብቻ በዓይን የምናያት ሴት ናት፤ እሱን አሁን አላነሣም። ስድስት ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። ፋጡማ የእናቷን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ክንዳቸውን አየች። አጥንት ነው። ጮኸች።

«እናቴን በጦም ልትገድያት ነው? አማት ሸክም ከሆነችብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

መልስ ነበረኝ። ሐኪሟ ያለችኝን ቃል በቃል መናገር እችል ነበር። ያላልኩት ስድስቱ ሴቶች እያዩኝ ስለነበር ነው። ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁና አጥሚት ሠራሁ። ወፍራም አድርጌ፣ ቅቤ ጣል አድርጌበት። በንዴት አማሰልኩት። ያ አጥሚት ለእምዬ ረሃብ አልተሠራም። ለእኔ ስም ነው የተሠራው።

በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ማንኪያውን ከንፈራቸው ላይ አደረግሁ። አልከፈቱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንድ ብቻ፣ እምዬ።» አልከፈቱም። ያኔ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እምዬ፣ ሰው አስራበቻቸው እያለኝ ነው። ስሜን ያትርፉልኝ። ለእኔ ሲሉ ይክፈቱልኝ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። አዩኝ። አወቁኝ። አፋቸውን ከፈቱ።

አንድ ማንኪያ። ሁለት። ሦስት። ሴቶቹ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ፋጡማ አለቀሰች፤ ራሴን ሳመችኝ። በአራተኛው ላይ ጉሮሯቸው እንደሚፈላ ድስት ተንፈቀፈቀ። አልሳሉም። መሳል ነበረባቸው። ሰማሁት። ምን ማለት እንደሆነም አወቅሁ። ሴቶቹ እያዩኝ ነበር።

አምስተኛውን ሰጠሁ።

ከንፈራቸው ጠቆረ።

ማታ ለመግሪብ ሰውነታቸው እሳት ሆነ። በነጋታው ወልድያ አደረስናቸው። ራጅ ተነሡ። ኦክስጅን ተደረገላቸው። በቱቦ ከጉሮሯቸው ሳቡላቸው። የወጣው ነገር ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ዶክተሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ራጁን ወደ መብራቱ አድርጎ አየና ዞረ።

«ማን ነው ያበላቸው?»

ፋጡማ መሬት አየች።  እኔ «ትንሽ ቀምሰው ነበር» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ራሳቸው ወስደው የቀመሱ ይመስል።

«ሳንባቸው ሞልቷል» አለ። «ኦክስጅኑ ያግዛቸው ይሆናል እንጂ አያድናቸውም።»

ሦስት ቀን ቆዩ። ሲተነፍሱ ከበሩ ውጭ ይሰማል። የኦክስጅኑን ጭምብል ከፊታቸው ሊያወልቁ እጃቸውን ያነሣሉ። እጃቸውን ይዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ሊሄዱ የሚገባ ሰው አልነበሩም፤ ቤታቸው ውስጥ፣ ከንፈራቸው በጥጥ እየረጠበ ሊሄዱ የነበሩ እናት ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ሆኜ «እምዬ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። በእኛ ዘንድ ሟችን የበደለ ሰው «አፉ ብያለሁ» የሚል ቃል ሳይሰማ መለየት የለበትም። ደግሜ ጠየቅሁ። እሑድ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ እስትንፋሳቸው እስክትቆም ድረስ ጠየቅሁ። አልሰማሁም።

ግራና ቀበርናቸው። ለቅሶ ላይ ፋጡማ በሰው መሐል ቆማ ተናገረች። «እኔ ልጇ ያላደረግሁትን አድርጋላታለች። እስከ መጨረሻው በእጇ ነው ያጎረሰቻት። እኔ ምስክር ነኝ።» ሰው ሁሉ መረቀኝ። ዛሬ መርሳ ውስጥ ለምራት ምሳሌ የምጠራው እኔ ነኝ። የፈለግሁትን ስም አገኘሁ።

ለሰይድ የነገርኩት ከአርባው ሰደቃ በኋላ ነው። «ሐኪሟ ነግራሽ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ግን ስለ እናቱ ሲያወራ እኔ ከገባሁ ወሬውን ያቆማል። ለፋጡማም ነገርኳት፤ «አንቺ ብቻ አይደለሽም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው፤ ቢሆንም በናንተ ቤት ጅቡ ገና አልመጣ እንደሆን ልጩኽ።

እኔ በቆምኩበት ደጃፍ ላይ ላላችሁ የምለው ብዙ አይደለም። የዘጠና ዓመት ሰው በሳምንት ውስጥ ከምስር ለቀማ ወደ አልጋ ሲወርድ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ እንደ እምዬ ኢንፌክሽን ሆኖ የሚታከም ሊሆን ይችላልና፣ ያን ጊዜ የተገኘ አራት ቀንም ቀን ነው። ሐኪም የሚነግራችሁን ለብቻችሁ አትስሙት፤ እኔ ፋጡማን በስልክ ከዶክተሯ ጋር ባገናኛት ኖሮ ሐሙስ የመጣችው ሌላ ሴት ትሆን ነበር። ሲበሉ ቀና አድርጓቸው፤ ጉሮሯቸው ከተንፈቀፈቀ ወይም ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ካለ ማንኪያውን አስቀምጡ፣ ማንም ቢያያችሁ። አፍ ሲዘጋ በጥጥ ከንፈር ማርጠብ፣ ጎን ማገላበጥ፣ እግር ማሸት፣ ስማቸውን መጥራት አለ፤ እጃችሁ ሥራ አያጣም። ጠያቂ ምግብ ይዞ ከመጣ ተቀበሉትና ለልጆች ስጡ፤ ለበሽተኛው ዱዓ ያድርግ።

የሚያመሰግነው ሰው ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ያቺን ልጅ እግር ዶክተር፣ ያስደገመችኝን፣ አላህ ዕድሜ ይስጣት፤ እሷ ባታስደግመኝ ኖሮ ዛሬ ራሴን እዋሽ ነበር። ወልድያ ላይ የእምዬን አፍ በጨርቅ እንዴት እንደማጸዳ ያሳየችኝን ነርስም እንደዚያው። እምዬን ግን የማመሰግንበት ቃል የለኝም። አፋቸውን የዘጉት አውቀው ነበር፤ የከፈቱትም አውቀው ነው፣ ለእኔ ብለው።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ከሰፈራችን ፓፓያ ልትገዛ የመጣች መስላ አጠገቤ ቆመች። አማቷ ተኝተዋል። ሰው እስኪያልፍ ጠበቀችና «እትዬ፣ አፋቸውን ዘጉብኝ» አለችኝ። «አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው ያስከፈትሻቸው? አስተምሪኝ።»

ሳጥን ላይ አስቀመጥኳትና ከቂጣው ጀምሬ እስከ አምስተኛው ማንኪያ ነገርኳት። ስጨርስ ፊቷ ነጥቷል። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና እንደገና ተቀመጠች።

«እሺ፣ አላበላም። ግን ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል» አልኳት። «እኔን ሰው አመስግኖኛል።»