የነጠብጣቡ ቅርፊት

ፍሥሐ ማክሰኞ ማልዶ ከደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ሚስቱ ወለተሐና ከአጥሚት በቀር ምንም በጉሮሮዋ ሳያልፍ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ታይፎይዱ ለቋታል፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ መድኃኒቷ ምግብ ነው» ብሏል። እሷ ግን ጉርሻውን አፏ ካደረሰች በኋላ ትመልሰዋለች። ትናንት ብቻ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ «ዓሣ ቢሆን እሞክር ነበር» አለች።

ፍሥሐ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ባሌ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ጠባቂ ሳለ፣ ዓሣን በላባ ማጥመድ ከእንግዶቹ ተምሯል። መንጠቆው ላይ የቀይ አውራ ዶሮ የማጅራት ላባ በክር ይጠመጥማል፤ ውሃ ላይ ሲያርፍ ዝንብ ይመስላል። ከጎረቤላ በላይ ባለው ወንዝ ደግሞ፣ ማን እንደለቀቀው በውል የማይታወቅ፣ አገሬው ነጠብጣቡ የሚለው ትራውት የተባለ ዓሣ አለ።

ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ፍሥሐ የማጥመጃ ዘንጉን ወደ ኋላ ወርውሮ ወደ ፊት ሲመልሰው ረጅሙ ክር አየር ላይ ይዘረጋል፤ ላባውም ከድንጋዩ ጥላ ሥር ኮሽ ሳይል ያርፋል። ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭኖ የሚወጣው ነጋዴ ዓወል በቅሎውን አቁሞ ተመለከተው።

«ጋሼ፣ ቡሄ ካለፈ ስንት ጊዜው! ጅራፉን አይሰቅሉትም?»

«ድምፅህን ቀንስ፣ ዓሣው ይሰማሃል።»

«ሰምቶ የት አባቱ ይሄዳል? መረብ አምጥተው በአንዴ አይዝቁትም?»

«ለወለተሐና አንድ ብቻ ነው የምፈልገው። እህል እምቢ ብሏታል።»

ዓወል ሳቁን ተወ። «አላህ ያሽራት» ብሎ በቅሎዋን ከወንዙ አርቆ በዝግታ ነዳት።

ቀትር ሲቃረብ ላባው ተዋጠ። ዘንጉ ጎበጠ። ፍሥሐ አልጎተተም፤ ዓሣው ሲሮጥ ክር ለቀቀለት፣ ሲደክም ሰበሰበ፤ በመጨረሻም እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። ሽታው እንዳይከብዳት ብሎ ሆዱን አጸዳና ቆዳውን በወንዙ አሸዋ ደጋግሞ አሸው።

ስሕተቱ እዚያ ላይ ነበር።

ወለተሐና የቄስ ልጅ ናት፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እርም ነው ሲባል ሰምታ ያደገች። ትራስ ተደግፋ ዓሣውን ትሪ ላይ ስታይ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ጣቷን ከጭራው ወደ ራሱ አስኬደች።

«ልሙጥ ነው» አለች። «ቅርፊት የለውም። እንደ አምባዛ ነው፤ ይሄ አይበላም።»

«አለው! ደቃቅ ነው እንጂ አለው። እኔው ነኝ በአሸዋ ፍቄ የጨረስኩት።»

«የሌለውን ፍቄ ጨረስኩት ትለኛለህ?»

«እምልልሻለሁ!»

«ተው፣ በዓሣ አትማል።»

ፍሥሐ ትሪውን እንደያዘ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ወለተሐና የረጠበ ሱሪውን፣ በብርድ የቀላ ጣቱን አየች። «እጅህን ወዲህ በል» አለችና ክንዱን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ኮቱ እጅጌ ላይ፣ ዓሣውን ያቀፈበት ቦታ፣ የደረቀ ነገር ያብለጨልጫል። በጥፍሯ አነሣችው፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ስስ ቅርፊት። እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው ሌላም ሌላም እያነሣች መዳፏ ላይ አኖረች።

«የአንተ ነገር» አለች፤ «ማስረጃውን ለወንዝ ሰጥተህ ኮትህን ምስክር አመጣህልኝ።»

ጠበሰው። አጥንቱን ለቅሞ አጎረሳት፤ ትንፋሹን ይዞ ሲያያት ዋጠች። ሁለተኛውን ራሷ ቆረሰች። ሦስተኛው ላይ ፊቷን አጨማደደች፤ ፍሥሐ ልታስመልስ መስሎት ደንግጦ ሳፋውን አነሣ።

«ሳፋውን ምን ልታደርገው ነው?» አለች። «ጨው አምጣልኝ እንጂ።»