ቨርሊን የጻፋት ዜሮ

የኦሃዮዋ ትንሽ ከተማችን ውስጥ ቨርሊን ስታኪን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። በሸሪፉ፣ ማለትም በሕዝብ በሚመረጠው የአውራጃው ፖሊስ አለቃ ቢሮ ምድር ቤት፣ የወንጀል ማስረጃ የሚቆለፍበትን ክፍል ቁልፍ ይዞ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ሥርዓት ይወዳል። ሚስቱ ጥላው የሄደችው ካልሲዎቿን ሳይቀር በቀለም ስለደረደረባት ነው ይባላል፤ እኔ የሰማሁትን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት መንግሥት፣ ሳይመረመር የተከማቸ የዲኤንኤ ናሙና ላለባቸው አውራጃዎች ገንዘብ መደበና ስንት እንዳለን የሚጠይቅ ቅጽ ላከ። በሸሪፉ ቢሮ ደንብ ግን ናሙና ተብሎ የሚቆጠረው መርማሪ ፈርሞበት ላቦራቶሪ የደረሰው ብቻ ነው። ያልተላከው መደርደሪያ ላይ ቢሻግትም ቆጣሪ የለውም። ቨርሊን ለዓመታት አቧራውን የሚጠርግላቸውን ሣጥኖች ከጀርባው አድርጎ ዜሮ ጻፈ።

ሸሪፉ ምርጫ ደርሶበት ነበርና ዜሮዋን ወደዳት። ለቨርሊን በመስተዋት የገባ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ ጋዜጣው ፎቶውን አወጣ። ገንዘቡ ግን አራት መቶ አለብን ብሎ ላመነው ለጎረቤት አውራጃ ሄደ። እኛ ደግሞ ጉዳቸውን አደባባይ አወጡት ብለን ሳቅንባቸው። ከሳቂዎቹ ሁሉ የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

ሎሬታ የቁርስ ቤታችን አስተናጋጅ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከሥራ ወጥታ ወደ መኪናዋ ስትሄድ አንድ ያልታወቀ ሰው ደፈራት። ሆስፒታል ናሙና ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ ትጠብቃለች። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቨርሊን እንደ ልማዱ እንቁላሉን ሲበላ፣ ያላዘዘውን ጣፋጭ የፖም ፓይ ከምድጃ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጆሮዬን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«ይቺ ከኔ ናት፣ ማሬ» አለችው። «ዜሮ ከሆነ የኔም ተመርምሯል። ሰውየው አልተገኘም ማለት ነው። ቁርጤን አወቅሁ፤ ከእንግዲህ አልጠብቅም።»

አዎ በሚል ራሱን ነቅንቆ ፓዩን ቢበላ ማንም አያውቅበትም ነበር። ሹካውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ያንቺ አልተመረመረም፣ ሎሬታ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ስምሽን የለጠፍኩበት እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«እኔ በየጠዋቱ ቡና ስቀዳልህ?»

ፓዩን አንስታ ሄደች። እኔ ቀልድ አላጣም፤ ያን ቀን ግን የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ።

በሳምንቱ ቨርሊን በአውራጃው ምክር ቤት ስብሰባ ተነስቶ ያልተመረመሩት ሣጥኖች አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ናቸው አለ። ደንቡ ነው ብሎ ሊያመካኝ ጀመረና አቋረጠ፤ አውቄ ነው የጻፍኩት ብሎ ተቀመጠ። ሸሪፉ ኮርኒሱን ያይ ነበር። የዚያ ዓመት ገንዘብ አልፎናል፤ የሚቀጥለውን ቅጽ ቨርሊን በትክክል ሞላ። የሎሬታን ሣጥን ግን መርማሪውን ለምኖ አስፈርሞ፣ በራሱ መኪና ላቦራቶሪ አደረሰ። ውጤቱ እስካሁን አልመጣም። የምስጋና ወረቀቱን አውርዶታል፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

አሁንም ለቁርስ ይመጣል፤ ከበሩ አጠገብ፣ ብርዱ የሚገባበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሎሬታ ቡናውን ትቀዳለታለች። ማሬ ግን አትለውም።