ምሳ ሰዓት ላይ የሚፈነዳው ሳጥን

የማንም ተማሪ አይደለሁም። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ የተቃጠሉ ሞተሮችን ሽቦ እየፈታሁና እንደገና እየጠመጠምኩ ነው ሥራ የለመድኩት። ከሳሪስ እስከ ላፍቶ ባሉት ፋብሪካዎች በእጄ ያላለፈ ሞተር ጥቂት ነው። ጉራ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። በዚያ የፕላስቲክ ፋብሪካ ግን የማውቀው ያልበቃኝ ጊዜ ነበር፤ በዚያም ምክንያት የአንድ ሰው ሁለት ጥርስ በእኔ ቡጢ ወለቀ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ፋብሪካው ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ሆኖ ጀሪካንና የውሃ ቱቦ ይሠራል። ጀሞ ያኔ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት ሜዳ ነበር። የፋብሪካው ዘበኛም የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው። ግቢው ያረፈበት መሬት የአባቱ ማሳ እንደነበር የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዝምታውን ብዙዎቹ እንደ ቂም ይቆጥሩበታል።

ሞተር ከመስመር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ሥራ ላይ አያውለውም። ከፊሉ ዝም ብሎ እየተመላለሰ ሽቦውን ያሞቃል። ይህን ለመቀነስ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ዘይት የተሞሉ ቆርቆሮዎች ይገጠማሉ። ለዚያ ፋብሪካ ስድስት ካፓሲተር የያዘ የብረት ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት አንዲት ቀን እንኳ አላስቸገረም። የፋብሪካው ባለቤት እንግዳ ሲመጣበት በሩን ከፍቶ ያሳይ ነበር፤ እኔም በአጋጣሚ እንዳለፍኩ ሰው ጠጋ ብዬ እቆማለሁ።

ከዚያ ከውጭ አዲስ ማሽን መጣ። ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ነው፤ የተከለው የባለቤቱ የእህት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ኢንጂነር ነው። ማሽኑ በተነሣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሠራተኛው ምሳ ሊበላ እንደወጣ ሳጥኔ ፈነዳ። በሩ ተገንጥሎ ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ላይ ተሰካ። የካፓሲተሮቹ ሆድ እንደታረደ በግ ተዘርግፎ ነበር። በአዳዲስ ተክቼ በሩን በወፍራም ብረት ሠራሁት። በአሥረኛው ቀን፣ ያውም በምሳ ሰዓት፣ ደግሞ ፈነዳ።

ሁለቱንም ጊዜ በግቢው ውስጥ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ፣ ምሳውን የሚበላው ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጥቶ ነበር። በሁለተኛው ፍንዳታ የጋለ ዘይት አንገቱን ልጦታል። እኛ ሮጠን ስንደርስ አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለላል።

«የአባቱን መሬት ሊበቀል ነው!» አለ አንዱ።

ለዚያ ቃል የሚሆን ማስረጃ ማንም አልጠየቀም። አንዱ በቱቦ መታው፣ አንዱ ሆዱን ረገጠው። እኔ ደርሼ ኮሌታውን ያዝኩና አቆምኩት።

«በሳጥኔ ውስጥ ምን ከተትክ?»

«እኔ ምንም አልነካሁም። ራሱ ነው የጮኸው» አለ።

«የእኔ ሥራ ራሱ አይጮህም!» ብዬ አፉን በቡጢ አልኩት። ሁለት ጥርሱ ከደሙ ጋር በደረቱ ላይ ወረደ። ሥራዬ ተበላሽቷል ከማለት የሰው ጥርስ ማውለቅ ቀለለኝ። ፖሊስ መጥቶ ከነደሙ ወሰደው። ኢንጂነሩ፣ ሆን ብሎ ንብረት ማውደም ነው፣ ብሎ ፈረመ፤ መርማሪው ደግሞ ፍርድ ቤት ከቀረበ ረጅም ዓመት ይታሰራል አለን።

ሳጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ ጠገንኩት። ዘበኛው ተባባሪ ሳይኖረው አይቀርም ስለተባለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ራሴ ልጠብቅ ወሰንኩ። የብረት ዘንግ ይዤ ከክፍሉ በር ኋላ ተደበቅኩ። የሚገባውን ሰው ጭንቅላቱን ልፈጠፍጠው ተዘጋጅቻለሁ።

ማንም አልገባም። አሮጌዎቹ ሞተሮች አንድ በአንድ ጠፉ። አዲሱ ማሽን ግን ውስጡ የቀለጠው ፕላስቲክ እንዳይደርቅበት ስለማይጠፋ፣ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ የሳጥኔ ድምፅ ተቀየረ። ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን እንደሚታረድ ፍየል የሚጮህ ቀጭን ድምፅ ነበር። ዘንጉን ጥዬ ወደ በሩ ዘለልኩ። ጀርባዬ ላይ ፈነዳ።

በዚያች ቅጽበት የዘበኛው ታላቅ ወንድም ዘመዶቹን ይዞ የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ባለቤቱን አስጠሩልን እያለ ነበር። ፍንዳታውን ተኩስ መሰላቸው። ድንጋይ ይወርድ ጀመር። ከምሳ የሚመለሱ ሠራተኞች ቱቦ እየያዙ ገጠሟቸው፤ የአንዱ ክንድ ሲሰበር ጆሮዬ ሰማ። ዘይት ተለብጬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«አቁሙ! ማንም የለም! ሳጥኑ ነው፣ ራሱ ነው!»

አንድ ድንጋይ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ዐይኔ በደም ተሸፍኖም ቢሆን እየጮህኩ መሃላቸው ገባሁ፤ ሲደክማቸው ተዉት።

ያን ከሰዓት ቅንድቤን በጨርቅ አስሬ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። ኢንጂነሩም እዚያው ነው።

«ሰውዬው እስር ቤት ነው፤ ሳጥኑ ግን ፈነዳ። ማሽኑና የእኔ ሳጥን ናቸው የተጣሉት። ዘበኛው ይፈታ» አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሞተርዎን ይጠምጥሙ» አለ ኢንጂነሩ። «ይሄ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው።»

«የቴክኖሎጂ ጉዳይ ከሆነ ለምን ዘበኛ አሳሰርክበት?»

ተነሥቶ ደረቴን ገፋኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ባለቤቱ መሃል ገብቶ እስኪለያየን ድረስ ክራቫቱ በእጄ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ ባለቤቱ፣ «ይህ ሳጥን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል ስትል አልነበረም?»

«ብያለሁ። ነገ በስድስት ሰዓት ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ።»

በማግስቱ የተረፉትን ካፓሲተሮች አገናኝቼ፣ ባለቤቱ ያስጠራው መርማሪ ባለበት፣ ሰዎቹን ሁሉ ሃምሳ እርምጃ አራቅኳቸው። አሮጌዎቹ ሞተሮች ሲጠፉ ጩኸቱ ተነሣ፤ ሞተሮቹን ሳስነሣ በረደ። ደግሜ አጠፋኋቸው፣ ደግሞ ጮኸ። በአራተኛው ጊዜ ሳጥኑን ቶሎ ከመስመሩ ባልቆርጠው ኖሮ ይፈነዳ ነበር። ኢንጂነሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ዘበኛው በዚያው ቀን ተፈታ።

ምክንያቱን እኔ በገባኝ መንገድ ላስረዳ። አሮጌ ሞተር ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ ይጠጣል፤ አዲሱ ማሽን ግን እየነከሰ ይወስዳል። በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚለው ሞገድ ሲነከስ፣ አምስትና ሰባት እጥፍ የሚፈጥኑ ሌሎች ሞገዶች መስመሩ ላይ ይወለዳሉ። ሀርሞኒክስ እንደሚባሉ በኋላ አነበብኩ። ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቼ አብረው ሲሆኑ እንደ ዥዋዥዌ ናቸው፤ በልኩ ከተገፉ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። ማሽኑ በልኩ ገፋቸው። ቀን ቀን አሮጌዎቹ ሞተሮች ዥዋዥዌውን ይይዙት ነበር፤ ምሳ ላይ የሚይዘው ጠፋ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከብየዳ ማሽን ነው። እሳቱን የሚያለዝብለት የመዳብ ጥቅል ውስጡ አለው። እንዲህ ያለ ጥቅል ከካፓሲተሩ ፊት ቢቆም፣ ዥዋዥዌው ስለሚዘገይ ከማሽኑ ግፊት ጋር አይገጥምም ብዬ አሰብኩ። የተቃጠሉ የብየዳ ማሽኖችን ብረት ሰብስቤ መዳብ ጠመጠምኩባቸው፤ በብረቶቹ መሃል ክፍተት እንዲኖር ወፍራም ካርቶን አስገባሁ። ስሞክር ሁለት ካፓሲተር ፈነዳብኝ። ካርቶኑን እየጨመርኩ፣ ጥምጥሙን እየቀነስኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጩኸቱ ጠፋ። ይህን ያስተማረኝ የለም።

ቀሪው ነገር የዘበኛው ጥርስ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በሽማግሌ ፊት፣ ካሳ አንቀበልም፣ ይዋጣልን አለ። ወንድሞቹ በየቀኑ ዱላቸውን ይዘው የግቢው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። በመጨረሻ ዘበኛው ራሱ ተናገረ፤ የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ ቃሉ ያፏጫል።

«ሠራሁት ይላል አይደል? እንግዲያው ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ። እኔ የነበርኩበት ቦታ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ» አልኩ።

ጩኸቱ ከጠፋ ገና አራት ቀኑ ነው። በስድስት ሰዓት ገብቼ የትከሻዬን አጥንት የሳጥኑ በር ላይ አሳረፍኩ። ዘበኛው ከክፍሉ ውጭ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ቆሞ አየኝ፤ ወንድሞቹ ከኋላው ናቸው። አሮጌዎቹ ሞተሮች መጥፋት ጀመሩ። እያንዳንዱ ሲጠፋ ድምፁን ለየሁት፣ ሁሉንም እኔ ነበርኩ የጠመጠምኳቸው። የመጨረሻው ሲጠፋ በሩ በጀርባዬ ላይ ተንቀጠቀጠ። አልፈራሁም ብዬ ብጽፍ ማን ይከራከረኛል? ሸሚዜ ግን ከላቤ የተነሣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሳጥኑ እንደ ድመት እያንኮራፋ ቀጠለ። ሰዓቱ እስኪሞላና ሠራተኛው እስኪመለስ አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ዘበኛው ገባና መዳፉን ከራሴ በላይ በሩ ላይ አሳረፈ። ሙቀቱን ለካው።

«ይሄን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ!» አልኩ፣ ወንድሞቹም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

«የፊተኛውንስ?»

ሠራተኛው ሁሉ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ኢንጂነሩም አለ።

«እሱንም እኔ።»

እጁን ከሳጥኑ አነሣ። ወደ ወንድሞቹ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸው፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በጀሞ በኩል ሄዱ።